በዲንሾ አጠገብ የድንኳን ሰፈር ስለ መምረጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ የሚወርድ መንገደኛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሮቤ ሳይደርስ ዲንሾ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ያገኛል። እግረ መንገዱን አይቷት የሚያልፋት ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በዚህችው ከተማ ጥግ ነው። ፓርኩም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። እንግዲህ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ድንኳኑን በመኪናው ላይ ጭኖ፣ ወይም ማደሪያ የተሠራበትን አውቶሞቢል እየነዳ የሚመጣ እንግዳ «የት እንደር?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ማደሪያን ሳያውቁ መምረጥ የሰውንም የምድሩንም ሕይወት የሚነካ ነገር ነው።

ሰፈር መምረጥ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ቀድሞ ትርጓሜው የንጉሥና የሠራዊቱ ሰፈር ነበር። ድንኳን የሚተከለው ውሃው ቅርብ፣ ሣሩ ለከብት የሚበቃ፣ ማገዶው የማይቸግር በሆነበት ስፍራ ነው፤ ማገዶው ሲያልቅም ሰፈሩ ይነሣ ነበር። አዲስ አበባ እንኳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማገዶ እጦት ምክንያት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ እንደ ነበርና ባሕር ዛፍ ደርሶ እንዳስቀራት የታወቀ ነው። በባሌ ግን እንዲህ ያለው የቀድሞ ልማድ አይሠራም። በዲንሾ ያለው ኮሶና ጽድ፣ ከዚያም በላይ ያለው አስታ በብርድ አገር ቀስ ብሎ የሚያድግ ነውና አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ሌሊት የሚያነደውን ምድሩ የሚተካው በብዙ ዓመት ነው። ስለዚህ ወደዚህ አገር የሚመጣ ሰው የሚያበስልበትን ቡታ ጋዝ ከነምድጃው ይዞ ሊመጣ ይገባዋል። እሳትም ቢሆን በበጋ ምን ያህል እንደሚያስፈራ በ1992 ዓ.ም. በባሌ ደን የተነሣው ቃጠሎ አሳይቷል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንመለስ ቢባል፣ መኪና የሚደርስባቸውና ቤተ ሰብ ሊያድርባቸው የሚታሰቡት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በዲንሾ በዋናው መሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢ ያለው ነው። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ሲሆን ዙሪያው በዛፍ የተከለለ ስለ ሆነ ነፋስ ይቀንሳል። የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ በአጠገብ ሲግጡ ይታያሉና ልጆች ብዙ ሳይደክሙ ብዙ ያያሉ። የመግቢያው ዋጋ የሚከፈለውም፣ መንገድ መሪ የሚገኘውም በዚሁ ነው። ለመጀመሪያው ሌሊት ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው የሳነቲ አምባ ነው። ከጎባ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚያልፍና ቱሉ ዲምቱ የተባለው ተራራ 4,377 ሜትር ስለሚደርስ፣ ዕይታው ልብን የሚመስጥ በመሆኑ ብዙ ሰው እዚያው ማደር ይመኛል። ሕፃናትን ይዞ የመጣ ሰው ግን ይህን ምኞት ቢተወው መልካም ነው። አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ራስ ምታት፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ ትልቁ ሰው ሕመሙን ይናገራል፣ ሕፃኑ ግን ያለቅሳል እንጂ ምን እንደ ሆነ አያስረዳም። ምልክቱ ከበረታ መድኃኒቱ ሳይነጋ ወደ ታች መውረድ ነው፤ በድቅድቅ ጨለማ በዚያ መንገድ መውረድ ደግሞ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቀን ያቃጠለው ፀሐይ ሰውን እንዳያታልል። ስለዚህ ሳነቲን በቀን አይቶ ማለፍ ይበቃል።

ሦስተኛው ከአምባው በስተ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ ከሪራ መንደር አጠገብ በሐረና ደን ውስጥ ያለው ካቻ ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም የሚለይ አይደለም፤ ልጆችም በደኅና ይተኛሉ። ደኑ የዱር ቡና የሚበቅልበት፣ ገበሬው ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅልበት፣ ከባሌ በቀር እምብዛም የማይገኝ የባሌ ጦጣ ያለበት ነው። አንበሳም አለበትና ልጅን ከድንኳን ርቆ ብቻውን መልቀቅ አይገባም። ዝናብ ሲበዛ መንገዱ ስለሚጨቀይ ከባድ መኪና የያዘ ሰው አስቀድሞ በጎባ መጠየቅ፣ ነዳጁንም በሮቤ ወይም በጎባ መሙላት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና ማግባት ነው። የከሰሉ ጢስ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛውን ሰው እንደ ተኛ ይወስደዋል። ይህ ክፉ ልማድ በቤትም ቢሆን ስንቱን ቤተ ሰብ እንደ ፈጀ የንስሐ አባቶች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ብርድን የሚከላከለው ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍና በቂ ብርድ ልብስ ነው። ስለ ምግብም ቢሆን ውሃ በዲንሾ ገና 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ፣ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ የተበሰለ ወይም ቶሎ የሚደርስ ስንቅ መያዝ ይሻላል።

ማደሪያ ያለው አውቶሞቢል የያዘው እንግዳ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። በከፍታው ምክንያት የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል። ከመንገድ ወጥቶ በሳሩ ላይ መንዳት ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን ያለበት ነው፤ በሳነቲ የጎማ ፈለግ ለብዙ ዓመት አይጠፋም። በዚያም ምድር ውስጥ ከባሌ በቀር በዓለም የማይገኘው ግዙፍ ፍልፈል ይኖራል፤ እርሱም የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው። ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ሁሉ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን ከግማሽ በላዩ በባሌ ነው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮች ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል ፈጅቷል። በሽታው የሚተላለፈው በውሻ ስለ ሆነ፣ ውሻውን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር ከዲንሾ መመለስ አለበት። የምግብ ትራፊም ውሻንና ጅብን የሚጠራ ነውና በከረጢት ተይዞ ወደ ከተማ ይመለስ።

ስለ ንጽሕና የሚነገረው ከኦሪት የጠበቀ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም 23ኛ ምዕራፍ እስራኤል ከሰፈር ውጭ ስፍራ እንዲለዩ፣ መቆፈሪያም እንዲይዙና ከዚያ በኋላ በአፈር እንዲሸፍኑ ታዘዋል። በመኪናው ውስጥ የተጠራቀመው እድፍ ውሃም ወደ ምንጭ ሊፈስ አይገባም፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡትን ወንዞች የሚጠጣው ሕዝብና ከብት እስከ ሱማሌ ምድር ድረስ ነውና።

በየመሥሪያ ቤቱ ስለዚህ ጉዳይ የሚመክሩት ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ትልቅ ሆቴል ስለ መሥራት ነው። ሆቴሉ አይጠላም፤ ነገር ግን ልጆቹን ይዞ በድንኳን ሊያድር ለሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው የተደለደለ መሬት፣ ንጹሕ ውሃ፣ በሚገባ የተቆፈረ መጸዳጃ፣ ዋጋው በግልጽ የተጻፈበት ሰሌዳና ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ነው። ጥበቃው ለአገሩ ልጅ ቢሰጥ፣ ወተቱና ማሩም ከባላገሩ ቢገዛ፣ ገበሬው ከብቱን ከፓርኩ እንዲያርቅ ሲለመን የሚሰማበት ምክንያት ያገኛል። አሁን ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክልከላውን ብቻ ነው።

ለጉዞ የሚስማማው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ዝናቡ ያንሳል፣ ብርዱ ግን ይበረታል። ዲንሾ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ቢደርሱ ድንኳኑን በብርሃን ለመትከል፣ ልጆቹንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ትኩስ ነገር ለማቅመስ ጊዜ ይገኛል።