ከቡሬ ቁልቁል፦ ለጉልበተኛ መኪና ጎማ ስንመርጥ

ቡሬ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጎጃሙን ነው። የኢሉባቦሩ ቡሬ ሌላ ነው፤ ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚሄድ መንገደኛ ደጋውን ከመሰናበቱ በፊት የሚያገኘው ከተማ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ካለው ዝቅታ አብዛኛው የሚመጣው ከቡሬ ወዲያ ነው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ባሮ ይወርድ የነበረው በዚህ ቁልቁለት ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ተቀብሎ ወደ ካርቱም ይወስደው ነበር።

ዛሬ በዚያው ቁልቁለት ሃርድቶፑ፣ ፕራዶው፣ ፓትሮሉና ላንድክሩዘር ቪ8ቱ ይወርዳሉ። የመኪና ወሬ ሲነሳ ሰው ስለ ሞተር ያወራል፤ ስንት ሲሊንደር እንደሆነ፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚስብ። ወደ ቡሬ ለሚወጣና ከቡሬ ለሚወርድ ሰው ግን ከሞተሩ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። የቪ8 ላንድክሩዘር ባዶ ክብደቱ ከ2.5 ቶን በላይ ነው። ያ ሁሉ ክብደት መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቦታ ከአንድ መጽሐፍ ገጽ ብዙ አይሰፋም። መሪው ቢታዘዝ፣ ፍሬኑ ቢይዝ፣ ሞተሩ ቢስብ በእነዚያ አራት ገጾች በኩል ነው።

ስለ ቸርኬ ልጀምር፤ ገንዘብ በከንቱ ሲፈስ የማየው እዚህ ላይ ነውና። ለቪ8 ላንድክሩዘር የተለመደው መጠን 285/60 አር 18 ነው። 285 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 60 የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ 18 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ተሰልቶ ሲታይ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 171 ሚሊ ሜትር የላስቲክ ከፍታ አለ። አንዳንዱ ባለመኪና ለውበት ሲል ባለ 22 ቸርኬ ያስገባና 305/40 ጎማ ያለብሰዋል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት በሁለቱም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት መኪናው ያው ነው። የላስቲኩ ከፍታ ግን ወደ 122 ሚሊ ሜትር ወርዷል። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ንፋስና ላስቲክ ተነስቶ በቦታው ብረት ገባ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ይህ ለውጥ ደስ ይላል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ኩርባ ላይ አይተጣጠፍም፤ መሪው ሲዞር መኪናው ወዲያው ይታዘዛል። አስፋልቱ ተቆርሶ ጠርዙ እንደ ስለት የቀረ ጉድጓድ ላይ በ70 ሲገባ ግን ላስቲኩ እስከ ቸርኬው ድረስ ይቀጠቀጣል። ቸርኬው ይታጠፋል፤ ወይም በጎማው ጎን ውስጥ ያለው ክር ይበጠስና በማግስቱ እባጭ ይወጣል። ጎኑ ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ የትኛውም ጎሚስታ ቢለጥፍለት መልሶ መታመን የለበትም። ስለዚህ ለዚህ መስመር የምመርጠው ለመኪናው ከተፈቀዱት ሁሉ ትንሹን ቸርኬና ረጅሙን የጎማ ጎን ነው። ኩርባ ላይ የሚጠፋው ቅልጥፍና ጥቂት ነው፤ መኪናውን መንገድ ላይ ከመቆም የሚያድነው ደግሞ ይኸው ረጅም ጎን ነው።

ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። 116 የሚል ጎማ አንዱ ብቻውን 1,250 ኪሎ ይሸከማል፤ 112 የሚል 1,120 ኪሎ። ሰባት ሰው አሳፍሮ ጣሪያው ላይ ጭኖ ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከእሱ አጠገብ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፦ ኤስ 180፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እዚህ 240 የሚነዳ የለም፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ሙቀትን ይበልጥ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለጋምቤላ ቆላ ጥቅም አለው።

አንድ ቁጥር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1017 የሚለውን ያየ ገዢ በእኛ 2017 የተሠራ አዲስ ጎማ አገኘሁ ብሎ ሊደሰት ይችላል። ጎማው የተሠራው ግን በእኛ 2009 ዓ.ም. ነው። መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ላስቲክ ይደርቃል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ባያልቅ እንኳ አሥር ዓመት ሲሞላው እንዲወገድ ይመክራሉ። ተሽከርካሪው ያረጀ ከሆነ እስኮርታውም ከመኪናው ጋር አብሮ ያረጀ ሊሆን ስለሚችል የእሱንም ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ኢሉባቦር በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ዋናውን መንገድ ለቅቆ ወደ ቡና ቀበሌዎች የሚታጠፍ ሁሉ ከቀዩ አፈር ጋር ይገናኛል። ይህ አፈር ሲረጥብ ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ጎማ አለ። ለአስፋልት የተሠራው ኤችቲ ይባላል፤ ለጭቃ የተሠራው ኤምቲ፤ በመካከል ያለው ኤቲ። ኤምቲ ጭቃውን ከጥርሱ እያራገፈ ይወጣል፤ ሆኖም በረጠበ አስፋልት ላይ መሬት የሚነካው ላስቲክ አነስተኛ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ዘጠኝ አሥረኛውን ጉዞ በአስፋልት ለሚያደርግ ሰው ኤምቲ አልመክርም። ኤቲ ይበቃዋል፤ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ደግሞ ሕጉ ባያስገድድም ክረምት ሳይገባ መለወጥ ነው፤ ውሃ የሚያወጣበት ቦይ አይኖረውምና።

ስፋትም ቢሆን ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። የድሮው ሃርድቶፕ 7.50 አር 16 የሚባል ቀጭን ጎማ ነበረው። ሥሩ ጠንካራ በሆነ ጭቃ ውስጥ ቀጭኑ ጎማ ለስላሳውን ቆርጦ ጠንካራውን ይይዛል፤ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል። ሃርድቶፕን በገጠር ያስከበረው ሞተሩ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ንፋሱ። ከጎሬ ሲወርዱ የአካባቢው ሙቀት በ20 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሾፌር ጎማው እንዳይፈነዳ ብሎ ሳይነሳ ንፋስ ይቀንሳል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ጎሬ ላይ በ35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ በሙቀቱ ምክንያት ወደ 3 ፒኤስአይ ይጨምራል። በዚያው ጊዜ ግን ቁልቁል ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ቀንሶ ያነባል። ሙቀቱና ከፍታው ተቻችለው ጋምቤላ ላይ ጎማው 36 ገደማ ይሆናል። የሚያሰጋው ጎማው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ነው፤ ንፋሱ ያነሰ፣ ጭነቱ የበዛ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ የሚፈነዳውም በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ሾፌሩ ለመዳን ብሎ የቀነሰው ንፋስ አደጋውን ያመጣበታል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ባዶውንም ጭነቱንም ለይቶ። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጭቃ ውስጥ ለመውጣት ወደ 22 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ አስፋልት ላይ እንደተወጣ ግን መልሶ መሙላት ግድ ስለሚሆን በመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፕረሰርና የራስ መለኪያ መያዝ ተገቢ ነው። በእግር እየረገጡ የንፋስ ልክ አይታወቅም።

ፍሬንም ጎማን ይነካል። እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ መውረድ ዲስኩን ያግላል፤ ሙቀቱ በቸርኬው አድርጎ ወደ ጎማው ያልፋል። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ መውረድ ሁለቱንም ያድናል።

መኪናው ላይ የሚጨመሩ ወይም አብረው የሚመጡ የአነዳድ አማራጮችን በተመለከተ፣ በቪ8ና በፕራዶ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ያለውን ኬዲኤስኤስ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ሥራው ይህ ነው፦ መኪና ኩርባ ላይ እንዳይጋደል ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ብረት አለ፤ ያ ብረት በአስፋልት ሲጠቅም በኮረኮንች ላይ አንዱ ጎማ ለብቻው እንዳይወርድ ያስራል። ኬዲኤስኤስ በዘይት ግፊት ብረቱን ኩርባ ላይ ያጠብቀዋል፣ ጉድጓድ ላይ ይለቀዋል። የፓትሮሉ ተመሳሳይ ዘዴ ደግሞ ብረቱን ጨርሶ አስወግዶ ሾክ አብዞርበሮቹን በዘይት ቧንቧ ያገናኛል። ሁለቱም ለጎሬ–ቡሬ ኩርባዎች የተሠሩ ይመስላሉ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ግን መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ ወደ አንድ ጎን መጋደሉን ይመልከት፤ ዘይቱ ካፈሰሰ የሚያስተካክል ጋራዥ በቅርብ ላይገኝ ይችላል።

መኪናን በሊፍት ከፍ ማድረግን ግን ያለ ምክንያት አልወደውም። ድንጋይ ያሳልፋል፤ ክብደቱን ወደ ላይ ስለሚያወጣው ደግሞ ኩርባ ላይ ያንገዳግደዋል። ከሊፍት ይልቅ ጥሩ ሾክ አብዞርበርና ጭነቱን የሚችል ሞላ ይበልጣል። ከኋላ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ለጭቃ ዋጋው የሚገባው ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ፎልክስዋገን አይዲ4፣ አይዲ6ና የቢዋይዲ ሞዴሎች በዝተዋል። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ አንዳንዶቹ ሁለት ቶን ያልፋሉ፤ ጉልበታቸውም ፔዳሉ እንደተነካ በአንዴ ስለሚመጣ ጎማ ይበላሉ። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ ወደ ኋላ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ይህም ፍሬኑን ያሳርፋል። ነገር ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለ ያ ይዞታ ይዳከማል። ስለዚህ ጎሬ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ ጋምቤላ ከመውረድ ጥቂት አጉድሎ መነሳት ይሻላል። አይዲ4 ደግሞ ፊትና ኋላው የተለያየ ነው፤ ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ስፋት አለው። ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ አዟዙሮ እኩል ማስበላት አይቻልም፤ አንድ ዓይነት እስኮርታም ለሁለቱም አይሆንም። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከነጭራሹ ያለ እስኮርታ፣ በሚረጭ ማሸጊያና በትንሽ ኮምፕረሰር ብቻ ነው የሚመጡት። ማሸጊያው ሚስማር የበሳውን ይደፍናል፤ ጎኑ የተቀደደውን አይደፍንም። ከቡሬ ወዲያ በእንዲህ ያለ መኪና የሚወርድ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ ከፊቱም ከኋላውም መጠን አንዳንድ ጎማ ጭኖ ቢሄድ ይሻለዋል፤ መቱ ወይም ጎሬ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ያንን መጠን አገኛለሁ ብሎ መነሳት አይገባውም።