አንድ ማሽን፣ ሁለት ሕሙማን

በምዕራብ ሸዋ ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ሰው አይሲዩ ሲባል ዓይኑ የሚሄደው ወደ ማሽኑ ነው። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ግን ማሽኑ ለማን ይሰጥ፣ መቼ ይቁም፣ ማንስ ይወስን የሚለው ጥያቄ ነው።

አንድ ምሽት ላውጋችሁ። ያልተያዘው የመተንፈሻ ማሽን አንድ ብቻ ነበር። ከጌዶ በኩል አንድ አዛውንት መጡ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል፣ ራሳቸውን ስተዋል፣ የዓይናቸው ብሌን ለባትሪ ብርሃን አይንቀሳቀስም። ወዲያው ከጀልዱ አንዲት ወጣት ገባች። እናቷ «ሆዷን አሟት ነው፣ ሲስተር» አሉኝ። ልጅቷ ግን ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ብሌኗ የመርፌ ጫፍ አክሏል፣ ልብሷ የተባይ መድኃኒት ይሸታል። እናትየውን ወደ ጥግ ወሰድኳቸው። «እናቴ፣ እዚህ የሚነገር ጎረቤት አይደርስም። ምን እንደጠጣች ካላወቅን ግን አንረዳትም።» ጠርሙሱን ከነጠላቸው ሥር አወጡት። የታማሚን ምስጢር መጠበቅ ሕይወት የሚያድን ሕክምና መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ ያቺን ደቂቃ ማየት ነበረበት።

ማሽኑ ለልጅቷ ሆነ። እንዲህ ያለ መመረዝ የትንፋሽ ጡንቻን ያደክማል፤ ማሽን ለጥቂት ቀናት ከተነፈሰላትና አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት ካገኘች የመዳን ዕድል አላት። የአዛውንቱን ጉዳት ግን ማሽን አይመልሰውም። መለኪያው ይህ የመዳን ዕድል ነው፤ ዕድሜ፣ ገንዘብ ወይም ዘመድ አይደለም። «እኒህ ሰው የትልቅ ሰው አባት ናቸው» የሚል ስልክም ተደውሎ ነበር። ተረኛው ሐኪም ውሳኔውን ከነምክንያቱ በሁለቱም ካርድ ላይ ጻፈው። የተጻፈ ምክንያት ስልክ አይፈራም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ጣሊያንን ሲያጥለቀልቅ፣ የአገሪቱ የሰመመንና የጽኑ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር አልጋ ሲያጥር ማን ይቅደም የሚል መመሪያ አውጥቷል። ሐኪም ብቻውን፣ በሩጫ መካከል እንዳይወስን ነው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ወንዶች ልጆቻቸው በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት እየተቀባበሉ ይጨምቁ ነበር። ታላቁ «በሬ ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰዳቸው?» አለ። መንገዱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝም ብሎ ሪፈር መጻፍ ለእኛ ቀላሉ መውጫ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን በሬውንም አባቱንም ያጣል። ሐኪሙ አስቀምጦ እውነቱን ነገራቸው፤ እኔም በኦሮምኛ ደገምኩላቸው። ሕጋችን ሕክምና በታካሚው ፈቃድ እንዲሰጥ ያዝዛል። ያልገባውን ቅጽ የፈረመ ሰው ደግሞ ፈቀደ አይባልም።

ልጆቹ ተመካከሩና አባታቸው ነፍሳቸው ሳትወጣ ቤታቸው እንዲደርሱ ጠየቁ። ይህን ብዙ ቤተሰብ ይጠይቃል፤ አንድም በዘመድ መካከል መሞት ክብር ስለሆነ፣ አንድም አስከሬን ማጓጓዝ ስለሚወደድ። «እናታችንን እኛ በአገር ወግ እናረዳለን፣ እናንተ አትንገሩብን» አሉ፤ ተስማማን። ሕመም ማስታገሻ ሰጠን፣ ጉሮሯቸውን አጸዳን፣ በመንገድ ላይ ምን ሊገጥማቸው እንደሚችል አስረዳን። ሰውን ሆን ብሎ መግደል በሕጋችን ወንጀል ነው፣ መሆንም አለበት። የማይጠቅም ሕክምናን ከቤተሰብ ጋር ተማክሮ መተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው «ማሽን ነቅለው ገደሉት» የሚል ሐሜት በየለቅሶው የሚወራው።

ሆስፒታሎቻችን ማሽን ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ እኩል ደግሞ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሕግ ባለሙያና የአገር ሽማግሌ ያሉበት፣ ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሳ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስፈልጋቸዋል። እናንተም በጤናችሁ ሳላችሁ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ። ራሴን ብስት ስለ እኔ ማን ይናገር? እስከ የት ድረስ ይታገሉልኝ? ንብረቴስ ይሸጥ ወይስ ለልጆቼ ይቅር? ይህን ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩት፤ ሌሎቹም እሱ እንደሚወስን ይወቁ።