ጥንካሬውም ጣጣውም ከአንድ ምንጭ

ስለ ሜሞሪ በጻፍኩ ቁጥር «ከሃርድ ዲስክና ከፍላሽ ቀጥሎ ምን ይመጣል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ከእጩዎቹ ሁሉ እኔን አብልጦ ስለሚስበኝ ላውራችሁ፦ ስኪርሚዮን።

ማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ጎረቤታሞቹም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ስኪርሚዮን ግን ክብ አዙሪት ነው። ዳር ያሉት ወደ ላይ፣ መሐል ያለው ወደ ታች ያያል፤ በመካከል ያሉት ቀስ በቀስ ይገለበጣሉ። አናታችሁ ላይ ያለውን የፀጉር አዙሪት አስቡት፦ ማበጠሪያ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። ስኪርሚዮንም የሚጠፋው አዙሪቱን የሚሰብር ጉልበት ሲያርፍበት ነው። ስፋቱ እስከ ጥቂት ናኖሜትር ሊያንስ ይችላል። ካለ 1፣ ከሌለ 0 ብሎ መረጃ መያዝ የታሰበው በዚህ ነው።

ሐሳቡን ቦግዳኖቭና ያብሎንስኪ እ.ኤ.አ. በ1989 በስሌት አቀረቡት። በ2009 ሙኒክ አጠገብ በማንጋኒዝና በሲሊከን ውህድ ውስጥ ተገኘ፤ ቅዝቃዜው ግን ከዜሮ በታች 245 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነበር። በ2013 የሃምቡርግ ተመራማሪዎች፣ አሁንም በብርቱ ቅዝቃዜ፣ በስል መርፌ ጫፍ ኮረንቲ እያሳለፉ ስኪርሚዮኖችን አንድ በአንድ ጻፉ፣ አጠፉም።

ወደ ክፍል ሙቀት ያመጣው የስስ ንብርብር ጥበብ ነው። 1 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮባልት እንደ ፕላቲነም ባለ ከባድ ብረት ላይ ሲነጠፍ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ገጽ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ አቶሞችን ትይዩ ከመቆም ይልቅ እንዲያዘነብሉ ይገፋፋቸዋል። አዙሪቱን የሚወልደው ይህ ዝንባሌ ነው። የንብርብሮቹን ውፍረትና ብዛት በመለዋወጥ የስኪርሚዮኑን መጠን መቆጣጠር ይቻላል። ተስማሚ ማዕድን እስኪገኝ መጠበቅ ቀርቶ የሚፈለገውን ባሕርይ ንብርብር በንብርብር መሥራት! የዚህ ሳይንስ ውበቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ መረጃውን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ ስኪርሚዮኑን መንዳቱ ነው። ኮረንቲ ሲለቀቅበት ስኪርሚዮኑ ይሄዳል፣ ግን ወደ ጎን ያፈነግጣል፤ በ2017 ሁለት ቡድኖች ይህንኑ በምስል አሳይተዋል። መንገዱ ዳር ከደረሰ ሊጠፋ ይችላል፤ መረጃውም አብሮ ይሄዳል። ወደ ጎን የሚገፋው ደግሞ ያው ከመጥፋት የሚጠብቀው ጠመዝማዛ ቅርጹ ነው። ስለዚህ ከአንድ ነጠላ ስኪርሚዮን ጣጣውን ብቻ ነቅሎ ጥንካሬውን ማስቀረት አይቻልም።

መፍትሔው ማጣመር ሆነ። ሁለት ማግኔታዊ ንብርብሮች በመሐላቸው ስስ ብረት ገብቶ ይደራረባሉ፤ የላይኛው ወደ ላይ ሲያይ የታችኛው ወደ ታች ያያል። የአንዱ ስኪርሚዮን ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ሲጎትት ግፊቱ ይጣፋል፤ አዙሪቱ ግን በሁለቱም እንዳለ ነው። በ2024 የፈረንሳይዋ ግሬኖብል ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ስኪርሚዮኖችን በሰከንድ እስከ 900 ሜትር ነድተዋል።

ማንበቡ ግን ከበደ። የሁለቱ ንብርብሮች ማግኔታዊነት እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ስኪርሚዮኑ መኖሩን ከውጭ መለየት አስቸጋሪ ነው። አሁን በጉጉት የምከታተለው ይህን ደካማ ምልክት በኤሌክትሪክ ለማንበብ የሚደረገውን ጥረት ነው።