ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ፤ የባይፖላር ሕመምተኛ የማኅበር ኑሮ በሐርላ

የአንድ ሰው ሕመም ጋብ ማለቱና ሰውየው ወደ ቀድሞ ቦታው መመለሱ አንድ ነገር ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ናቸው። ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሰውን አንድ ጊዜ ከልክ ባለፈ ብርታት አስነሥቶ እንቅልፍ ያሳጣዋል፤ ገንዘቡንም ያስበትነዋል፤ ሌላ ጊዜ በከባድ ትካዜ ይጥለዋል። በመካከሉ ግን ሕመሙ የሚረጋባቸው ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። እኛ የምንመረምረው ይህን ጊዜ ነው።

ሕመሙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ 68,378 ሰዎች ተጠይቀው ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው ታውቋል፤ አብዛኞቹም ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

በ2007 የባርሴሎና ሐኪሞች የሕመምተኛውን ኑሮ በ24 ጥያቄ የሚለካ መጠይቅ አወጡ፤ ይኸውም ራስን መቻልን፥ ሥራን፥ ማሰብን፥ ገንዘብ አያያዝን፥ ከሰው መግባባትንና የዕረፍት ጊዜን ይመለከታል። ሕመሙ ከረጋም በኋላ ጥቂት የትካዜ ቅሪትና የማስታወስ ድካም ሥራን ሊያውኩ ይችላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ሐርላ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚያስበው በ2017 መገኘቱ የተነገረለትን የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚያ የሚያርስ አንድ ገበሬ እንዳለ አድርገን እናስብ። ሕመሙ ረግቷል፤ ማሽላውን ይኰተኵታል። ነገር ግን ዋስ እንዲሆን የሚጠራው የለም፤ የአፎሻውንም መዋጮ እንዲሰበስብ አይታዘዝም። መጠይቁ «ገንዘብ አይዝም» ብሎ ቢመዘግብበት፥ ጉድለቱ የማን ነው? በቡታጅራ የአገሩን ኑሮ መሠረት ያደረገ ሌላ መለኪያ መዘጋጀቱ በእኛ አስተያየት ተገቢ ነበር።

ከሁሉ የከበደው የጫት ነገር ነው። ጫት አእምሮን ያነቃል፤ እንቅልፍንም ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪም «ተወው» ቢል ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አገር በርጫ የቅጠል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገበያ የሚመከርበት፥ የተጣላ የሚታረቅበት፥ ወሬ የሚሰማበት ሸንጎ ነው። ስለዚህ ገበሬው የሐኪሙን ቃል ቢጠብቅ ከጎረቤቶቹ ይርቃል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ቢውል ሕመሙ ይመለስበት ይሆናል። (ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች በርጫ ተቀምጠው ያውቁ ይሆን?)

መድኃኒቱም ጥንቃቄ ይሻል። አውስትራልያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 ጥቅሙን የገለጸው ሊቲየም፥ ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጣ በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዝ ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ላቡን እያንጠፈጠፈ ለሚያርስ፥ ይልቁንም በረመዳን ለሚጾም ሰው፥ ይህ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነገር ነው።

በርጫውን በተመለከተ፥ ቤተኞቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ገበሬው ሻይ እየጠጣ ቢጫወትና ሳይመሽ ቢነሣ ማንንም አይጎዳም። የአፎሻው መዝገብ ግን በሐኪም እጅ አይደለም፤ ለገበሬው መልሶ ሊሰጠው የሚችለው አፎሻው ራሱ ነው።