ድንቅነሽ በህዋ፣ ፕሬዚዳንቱ በፊልም፦ ጥቃቅን እውነታዎችን እንዴት እንመርምር?

በጊምቢቹ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



በትምህርት ቤቶቻችን የጥያቄና መልስ ውድድር የተወደደ ልማድ ነው። ፈጥኖ የመለሰ ይጨበጨብለታል፤ ያልመለሰም አዲስ ነገር ይዞ ይመለሳል። ዛሬ የምናገረው በእንዲህ ያሉ ውድድሮች ላይ ስለሚወደዱ ሁለት ርዕሶች ነው፦ ወደ ህዋ ስለተላኩ ሰው አልባ መንኮራኩሮችና በፊልም ስለምናያቸው ልብ ወለድ ፕሬዚዳንቶች። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጥያቄ ያመራሉ፦ ምድርን ወክሎ የሚናገር ማን ነው? የሚመርጠውስ ማን ነው?

አስቀድሜ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። «ከቮዬጀር 1 እና ከቮዬጀር 2 ቀድሞ የተወነጨፈው የትኛው ነው?» ቢባል መልሱ ቮዬጀር 2 ነው። ቮዬጀር 2 ነሐሴ 14 ቀን፣ ቮዬጀር 1 ደግሞ ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወነጨፉ። ይህን ያወቀ ተማሪ ነጥብ ያገኛል። ዕውቀት የሚሆነው ግን «ታዲያ ቁጥሩ ለምን ተገላበጠ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ዘግይቶ የተነሣው መንኮራኩር በአጭሩ መንገድ ተጉዞ ወደ ጁፒተር ቀድሞ እንዲደርስ ታቅዶ ስለነበር አንደኛ ተባለ፤ እንደ ታቀደውም በእ.ኤ.አ. 1979 ቀድሞ ደረሰ።

አሁን ወደ ፊልሙ እንለፍ። በእ.ኤ.አ. 1996 «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» በተባለው ፊልም ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎችን ፕሬዚዳንት ዊትሞር ይፋለማቸዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በቀረበው «ዲፕ ኢምፓክት» ፕሬዚዳንት ቤክ፣ በሞርጋን ፍሪማን ተዋናይነት፣ ወደ ምድር ስለሚወረወር ጅራታም ኮከብ ለሕዝቡ ያስታውቃል። አሜሪካ የመጀመሪያውን ጥቁር ፕሬዚዳንት የመረጠችው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይታ ነው። ደራሲዎች ፕሬዚዳንትን የሚያመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዓለምን ሁሉ ፍርሃት በሁለት ሰዓት ውስጥ ለማሳየት አንድ ፊት፣ አንድ ድምፅና አንድ ጠረጴዛ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ለታሪኩ ይጠቅማል፤ ተመልካቹ ግን ሳያስተውለው «ምድር ስትጠራ የሚመልሰው አንድ ቢሮ ነው» የሚል ግምት ይዞ ይወጣል።

በእውነቱ ዓለም ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ሁለቱ ቮዬጀሮች ወርቅ የተቀባ የመዳብ ሸክላ ተሸክመው ሄደዋል። ይዘቱን የመረጠው በሥነ ፈለክ ሊቁ በካርል ሳጋን የተመራ አነስተኛ ቡድን ነው። በሸክላው ላይ የፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መልእክት አለ፤ ነገር ግን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ነው። በድምፅ የተናገሩት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኩርት ቫልድሃይም ናቸው። ቫልድሃይም በኋላ፣ ከእ.ኤ.አ. 1986 እስከ 1992፣ የኦስትሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ውስጥ የነበራቸውን አገልግሎት በከፊል ሸሽገው መኖራቸው የታወቀውም ለዚያ ምርጫ ሲወዳደሩ ነው። እንግዲህ ምድርን ወክሎ የተላከው ድምፅ እንከን የሌለበት የፊልም ጀግና ድምፅ አልነበረም። ከእርሳቸው ሌላ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ቀርቧል። የእንግሊዝኛውን ሰላምታ የሳጋን ትንሽ ልጅ ኒክ ተናግሯል፤ ይኸው ልጅ አድጎ «ስታር ትሬክ፦ ቮዬጀር» ለተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊ ሆኗል።

ከ55ቱ ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አለን? የለም። ሀዲይሳም ሆነ ከምባቲሳ የለም። ከአፍሪካ ሉጋንዳ፣ ሶቶ፣ ንጉኒ፣ ኛንጃና ኢላ አሉ፤ ዐረብኛም አለ። ይህን የሚሰማ ተማሪ ቅር ሊለው ይችላል፤ ምክንያቱን ሲያውቅ ግን ቅሬታው ወደ ማስተዋል ይለወጣል። ጊዜው አጭር ስለነበር አብዛኞቹ ሰላምታዎች የተቀዱት ሳጋን ያስተምሩበት በነበረው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ከተገኙ ሰዎች ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የቋንቋዎችን ክብር የሚመዝን ሚዛን አይደለም፤ በዚያ ሰሞን በማይክሮፎኑ አጠገብ ማን እንደተገኘ የሚያሳይ መዝገብ ነው። የማይገኝ አይመዘገብም።

እዚህ ላይ እውነቱና ልብ ወለዱ የሚቀላቀሉባቸውን ሦስት ጉዳዮች ላንሣ፤ ተወዳዳሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩት እነዚህ ናቸውና።

አንደኛው «ኮንታክት» የተባለው የእ.ኤ.አ. 1997 ፊልም ነው። መነሻው ሳጋን የጻፈው ልብ ወለድ ሲሆን በመጽሐፉ ፕሬዚዳንቷ ሴት ናት። በፊልሙ ግን የምናየው እውነተኛውን ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንን ነው። ክሊንተን በነሐሴ 1996 እ.ኤ.አ. ከማርስ መጣ ስለተባለ ድንጋይ የተናገሩት ቃል ተቆርጦ፣ ከሩቅ ዓለም ስለደረሰ ምልክት የተናገሩ አስመስሎ ገብቷል። ቤተ መንግሥታቸውም ቅሬታ አቅርቧል። ሰውየው እውነተኛ ነው፤ ቃሉም እውነተኛ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሐሰተኛ ሆኗል። ዛሬ በስልካችን የሚደርሱንን ተንቀሳቃሽ ምስሎች ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ሁለተኛው «ዘ ዌስት ዊንግ» የተባለው ድራማ ነው። በእ.ኤ.አ. 2000 በታየው አንድ ክፍል ልብ ወለዱ ፕሬዚዳንት ባርትሌት ስለ ማርስ ከተማሪዎች ጋር በቴሌቪዥን ሊነጋገር ሲዘጋጅ «ጋሊልዮ 5» ከተባለች መንኮራኩር ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። በዚህ ስም ወደ ማርስ የተላከ መንኮራኩር የለም፤ እውነተኛው ጋሊልዮ የሄደው ወደ ጁፒተር ነው። ነገር ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሁለት የአሜሪካ መንኮራኩሮች በማርስ ጠፍተው ነበር። አንደኛዋ የጠፋችው፣ አንዱ ቡድን የግፊትን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ ሲሰጥ ሌላው በሜትሪክ መለኪያ ስለተቀበለው ነው። የመለኪያ አሃድ መጻፍ የሚሰለቻችሁ ተማሪዎች ይህን አትርሱ።

ሦስተኛው ከላይ የጠቀስሁት «ዲፕ ኢምፓክት» ነው። በዚሁ ስም የተጠራች እውነተኛ መንኮራኩርም አለች፤ በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. «ቴምፕል 1» ከተባለ ጅራታም ኮከብ ጋር አንድ አካሏን ሆን ብላ አጋጨች። ዓላማው ምድርን ማዳን ሳይሆን የጅራታሙን ኮከብ ውስጠኛ ክፍል ማጥናት ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት የሌሎችን ታሪክ ይመስላል። አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ቅሪተ አካል ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በሰፈራቸው ይሰሙት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ እንላታለን። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ያመጠቃትን መንኮራኩር ደግሞ በእርሷ ስም ሉሲ አላት። ቅሪተ አካሏ የሰውን አመጣጥ እንዳስረዳች፣ መንኮራኩሯ የምታጠናቸው አስትሮይዶችም ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፉ ቅሪቶች ናቸውና።

በመንገዷ ላይ ቁጥር ብቻ እንጂ ስም ያልነበራት ትንሽ አስትሮይድ ነበረች። የመንኮራኩሯን የክትትል ሥርዓት ለመፈተን ስትመረጥ ስም አስፈለጋት፤ ድንቅነሽ ተባለች። ሉሲ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእርሷ በ430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ስታልፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ስፋት የሌላት ይህች አስትሮይድ ጨረቃ እንዳላት ታወቀ። ጨረቃዋም ራሷ ተነካክተው የሚኖሩ ሁለት አካላት ሆና ተገኘች። ስሟም ሰላም ሆነ፤ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቻቸው በአፋር ዲኪካ ባገኟት ሕፃን ስም። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ የድንቅነሽን አጥንት ያሳዩአቸውም እኒሁ ሊቅ ናቸው።

ለውድድር የሚሆን አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሰላምን «የሉሲ ልጅ» የሚሏት አሉ። ሰላም ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ስትሆን ከድንቅነሽ 100 ሺህ ዓመት ያህል ቀድማ የኖረች ናት። የቀደመ የተከታዩ ልጅ ሊሆን አይችልም።

የቮዬጀርን ሸክላና የድንቅነሽን ስም አነጻጽሩ። በ1969 ዓ.ም. ድምፃችን አልተላከም፤ በ2016 ዓ.ም. ሁለት አማርኛ ስሞች በህዋ ካርታ ላይ ተጽፈው ነበር። በመካከል የተለወጠው የማንም ፕሬዚዳንት ንግግር አይደለም። በአፋር ፀሐይ አፈር የነፉ ቆፋሪዎች፣ አጥንቱን ለዓመታት ያጸዱና የመረመሩ፣ ጽሑፉን ያሳተሙ ሰዎች ሥራ ነው። ስም የተገኘው ከሥራ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም ምድርን የምትዞር እንጂ ወደ ሩቅ ዓለም የምትጓዝ አልነበረችም፤ ነገር ግን በእንጦጦ ተቀምጦ መረጃዋን ይቀበል የነበረ ወጣት በማይክሮፎኑ አጠገብ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ለመምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ውድድር ለእያንዳንዱ መልስ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ይቅረቡ፦ «ይህን የወሰነው ማን ነው?» እና «እውነት መሆኑ በምን ይረጋገጣል?» ለመልሱ አንድ ነጥብ፣ ለምክንያቱ ሁለት ነጥብ ይሰጥ። ከጊምቢቹ የሚነሣ ተማሪ ነገ የመራጩ ቡድን አባል ሲሆን፣ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነጥብ ነው።