የወንጀል ታሪክ ደስታ፦ ከአውጫጪኝ ሸንጎ እስከ ቴሌቪዥን ድራማ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ግልባጭ)



የዛሬው ንግግሬ ብዙዎቻችን የምናጣጥመውን፣ ነገር ግን በጉባኤ ፊት እምብዛም የማንጠቅሰውን አንድ ደስታ ይመለከታል። ማታ ከሥራ መልስ የወንጀል ድራማ ከፍተን እንቀመጣለን፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመርማሪው ቀድመን ለማወቅ እንሽቀዳደማለን፤ ድራማው ከመጽሐፍ የተቀዳ ከሆነም መጽሐፉን ፈልገን እናነባለን። በሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ ግን ይህ ዘውግ ብዙ ጊዜ «የጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ሦስት ነገሮችን ለማሳየት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ ይህ ደስታ ከምን እንደሚመነጭ፤ ሁለተኛ፣ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ ሰው ባዕድ እንዳልሆነ፤ ሦስተኛ፣ ደስታውን በሚገባ መረዳት ስለ ፍትሕ ያለንን አስተሳሰብ ሊያርቅ እንደሚችል።

ሁለት ታሪኮች በአንድ ገመድ

የመርማሪ ታሪክ በዛሬ መልኩ የተጀመረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። በ1887 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው፤ አወቃቀሩን በአጭሩ የገለጸልን ግን የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ዝቬታን ቶዶሮቭ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ እያንዳንዱ የመርማሪ ልብ ወለድ ሁለት ታሪኮችን ይዟል። አንደኛው የወንጀሉ ታሪክ ነው፤ ይህ መጽሐፉ ሳይጀመር ያለቀ፣ ከዓይናችን የተሰወረ ታሪክ ነው። ሁለተኛው የምርመራው ታሪክ ነው፤ ይህ በፊታችን የሚካሄድ ነው። የምናነበው ሁለተኛውን ነው፤ የምንፈልገው ግን አንደኛውን ነው።

ይህን አባባል የሰማ የቅኔ ተማሪ ወዲያው ፈገግ ሳይል አይቀርም። የሚታይ አንድ ነገር፣ ከሥሩ የተሰወረ ሌላ ነገር፤ ይህ ለእኛ ሰምና ወርቅ ነው።

ሰሙ፣ ወርቁ፣ ኅብረ ቃሉ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው በአጋጣሚ አልነበረም። ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሯል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚከፈለውን አገር አጥንቷል። ንግግር በሁለት ንብርብር የሚነገርበትና የሚደመጥበት ልማድ በቅኔ ቤት ብቻ ሳይወሰን ወደ ዕለት ኑሮ እንደሚዘልቅ አስተውሏል።

አንድ ምሳሌ ልፍጠር። በሬው የጠፋበት ገበሬ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱም «በሬህንማ ጅብ በላው» ይለዋል። ሰሙ ግልጽ ነው፤ አውሬ ወጥቶ በሬውን በልቷል። ወርቁ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን አነጋገር ስግብግብ ሰውም ጅብ ይባላልና። «ጅብ» የሚለው ቃል ሁለቱን ትርጉሞች ተሸክሟል። ብልህ ገበሬ በዚህ አያበቃም፤ «እንግዲያው ደሙስ የት ፈሰሰ? ቀንዱስ የት ወደቀ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት ገበሬው መርማሪ ሆኗል።

ጥሩ የመርማሪ ደራሲ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ፍንጩን አይደብቅም፤ በአንባቢው ዓይን ፊት ያኖረዋል፤ ነገር ግን ሌላ ትርጉም ያለው አስመስሎ። ኮናን ዶይል በ1892 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ ታሪክ ውስጥ የእሽቅድምድም ፈረስ ከጋጣው በሌሊት ይጠፋል። ሁሉም «ምን ተሰማ?» እያለ ሲጠይቅ፣ ሆምስ ያልተሰማውን ነገር ያስተውላል፤ የጋጣው ውሻ አልጮኸም። ውሻው ዝም ያለው ሌሊት የመጣውን ሰው ስለሚያውቀው ነው። የመንዝ ደጋ ሰው ይህን ፍንጭ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ ግቢውን በውሻ የሚያስጠብቅ ሁሉ ውሻ ለማን እንደሚጮኽና ለማን ጭራውን እንደሚቆላ ያውቃል። የደስታው ምንጭም እዚህ ላይ ነው። መልሱ ሲገለጥ «እንዴት ሳላየው ቀረሁ!» እንላለን፤ ቅኔ ሲፈታልን የምንለውም ይህንኑ ነው።

የሸንጎው ምርመራ

አባቶቻችን የተሰወረ ወንጀልን የሚፈልጉበት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። በደጋው አገር ወንጀለኛው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ አውጫጪኝ ይጠራል፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። የአካባቢው ነዋሪ በሜዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው በተራው ምሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ፊት ለፊት መመስከር የፈራ ሰው የሚያውቀውን በስውር የሚያደርስበት መንገድ ነበረ፤ እንዲህ ያለው ስውር ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ጥፋተኛው ካልተገኘ ነዋሪው በጋራ ካሳ እንዲከፍል ይገደዳል። ስለዚህ ማንም ሰው ዳር ቆሞ ተመልካች ሊሆን አይችልም ነበር፤ ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ምስክር፣ ሁሉም መርማሪ ነው።

ይህ ሥርዓት በራሱ የተሟላ የልብ ወለድ መዋቅር አለው፤ የተወሰነ ቦታ፣ የተወሰኑ ሰዎች፣ ከመካከላቸው የተሸሸገ አንድ ጥፋተኛ። እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ ተጠርጣሪዎቿን በባቡር ወይም በደሴት ላይ የምትዘጋባቸው ለዚህ ነው። ከእኛ ደራስያን ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህን በሚገባ ተረድቶታል፤ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያሳተመው ልብ ወለድ ርዕሱ «አፈርሳታ» ሲሆን፣ በጉራጌ ገጠር አንድ ጎጆ በመቃጠሉ ምክንያት መንደርተኛው ለምርመራ ሲቀመጥ ያሳያል።

ከአውጫጪኝ ጎን ሌባ ሻይ ነበረ። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡን በመቀነት ወይም በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዛል። እዚህ ላይ ማስረጃ የለም፤ ምክንያት የለም፤ ያለው እርግጠኝነት ብቻ ነው። ንጹሕ ሰው የልጁ እግር ወደ ደጁ ስላመራ ብቻ ንብረቱንና ስሙን ሊያጣ ይችል ነበር።

ሦስተኛው ሥርዓት የክርክሩ መድረክ ነው፤ በላ ልበልሃ። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ባላጋራቸውን በጥያቄ ያፋጥጣሉ። የአካባቢው ሰው ይህን ለመስማት ይሰበሰብ ነበር፤ ለፍርዱ ብቻ ሳይሆን ለንግግሩ ውበትም ጭምር። ዛሬ በቴሌቪዥን የችሎት ትዕይንት ስንመለከት የሚሰማን ግለት ከዚያ የራቀ አይደለም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ም፣ ታሪኩን በደብረ ሲና አካባቢ አስቀምጦ በጭውውትና በክርክር የሚራመድ ሥራ መሆኑን አንባቢዎቹ ያውቃሉ።

ከመጽሐፍ ወደ መስኮት

በአማርኛ የመርማሪና የስለላ ታሪክ ለብዙ አንባቢ እንዲደርስ ካደረጉት መካከል ይልማ ሀብተየስና ማሞ ውድነህ ስማቸው ይነሣል። መጽሐፍ ላልደረሰው ደግሞ ሬድዮ ደረሰለት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ፣ ልብ ወለድ በየቤቱ የሚደመጥ የጋራ ጉዳይ ሆነ። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይህንኑ የማዳመጥ ልማድ ወረሰ፤ ሳምንት ጠብቆ መከታተል፣ በማግሥቱ መወያየት፣ መጨረሻውን መገመት።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን «ሰው ለሰው»ን እንውሰድ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ የማያውቁት በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ነው?» አይደለም፤ «መቼና እንዴት ይያዛል?» ነው። አሜሪካዊው «ኮሎምቦ» ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ የተጠቀመበት ዘዴ ይኸው ነው፤ ተመልካቹ ገዳዩን ከመነሻው ያያል፤ ደስታው የሚገኘው የተሸፈነው እንዴት እንደሚገለጥ በማየት ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረታችን ለዚህ ዓይነቱ ድራማ የተበጀ ይመስላል።

መጽሐፍና ስክሪን ግን አንድ አይደሉም። ደራሲ በቃል መሸሸግ ይችላል፤ ካሜራ ግን ያሳያል። ስለዚህ ጥሩ ድራማ ፍንጩን በተዋናይ ፊት፣ በዝምታ፣ በዕቃ አቀማመጥ ውስጥ ያኖረዋል። ስክሪኑ በተራው መጽሐፉን ሊለውጥም ይችላል። እንግሊዛዊው ኮሊን ዴክስተር መርማሪ ሞርስን በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ፈጠረ፤ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጆን ቶው በቴሌቪዥን ተጫወተው። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሞርስ መኪና ላንቺያ ነበረች፤ ድራማው ጃጓር ሰጠው፤ ዴክስተርም በኋላ በመጽሐፎቹ ውስጥ ጃጓሩን ተቀበለ። ረዳቱ ሉዊስም በመጽሐፍ ጠና ያለ የዌልስ ሰው ነበር፤ ከድራማው በኋላ ግን ወጣትና የሰሜን እንግሊዝ ሰው ሆነ። ዴክስተር የእንቆቅልሽ መስቀለኛ ቃላት ሊቅ ነበር። የእነዚህ ቃላት ጥያቄ ላይ ላዩን አንድ ነገር ይላል፤ መልሱ ግን በሌላ ትርጉም ውስጥ ተሰውሯል። ስሙን ባያውቀውም ዴክስተር የሰምና ወርቅ ሰው ነበር።

ያልተጻፈው የመጨረሻ ምዕራፍ

የመርማሪ ታሪክ ለአንባቢው አንድ ቃል ኪዳን ይገባል፤ በመጨረሻ እውነቱ ይታወቃል። ሕይወት ይህን ቃል ኪዳን አትገባም። በዓሉ ግርማ የስለላን፣ የፍቅርንና የጦርነትን ታሪክ በአንድ የያዘውን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። «ኦሮማይ»ን የሚያነብ ሰው ሁለት ታሪኮችን ያነባል፤ ደራሲው የጻፈውንና በራሱ ላይ የደረሰውን። ሁለተኛው መርማሪ አላገኘም፤ የመጨረሻ ምዕራፉም አልተጻፈም። በልብ ወለድ የምናገኘው መፍትሔ ለምን እንደሚያረካን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ በእውኑ ዓለም የተነፈግነው ነገር ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ጥማት አደጋም አለው። መፍትሔ የናፈቀ ሕዝብ የመጣለትን መፍትሔ ሁሉ ይቀበላል፤ ሌባ ሻይ ለዘመናት የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በማስረጃነት እንደማይያዝ ይደነግጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች በወረቀት ላይ ብቻ ከቀሩ አይበቁም፤ በተመልካቹ ኅሊና ውስጥም መኖር አለባቸው። መርማሪው ጠረጴዛ ደብድቦ፣ ተጠርጣሪውን አስፈራርቶ ሲያናዝዘው «ጎበዝ!» ብለን የምናጨበጭብ ከሆነ፣ ድራማው እያስተማረን ያለው ሌባ ሻይን ነው። መርማሪው ግን «ቀንዱስ የት ወደቀ? ውሻውስ ለምን አልጮኸም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የራሱን የመጀመሪያ ጥርጣሬ ማስረጃ ሲያፈርስበት ሲቀበል፣ ያን ጊዜ የምናገኘው ደስታ የዳኝነት ልምምድ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምተወው የሥራ ሐሳብም ከዚህ ይመነጫል። በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ አካባቢ አውጫጪኝና በላ ልበልሃ ከአባቶቻቸው የሰሟቸውን የሚያስታውሱ አረጋውያን በሕይወት እያሉ ቃላቸው ይሰብሰብ። ያ ቃል ለሕግ ታሪክ ማስረጃ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ገና ያልተጻፈ የወንጀል ልብ ወለድና ያልተሠራ ድራማ ነው። የደጋውን ጉም፣ የድንጋይ ቤቱን፣ የሸንጎውን ዝምታ የሚያውቅ ደራሲ መርማሪውን ከለንደን መዋስ አያስፈልገውም።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ባላጋራ ሆናችሁ ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል።