የአደጋ ተጎጂዎች ዘላቂ የጤና ክትትልና ቅድመ ዝግጅት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖችን ሕይወት ቀጥፏል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ከተሰበሰቡት መካከል ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ ሞተዋል። እንዲህ ያለ አደጋ በተረፉት ላይ የሚያደርሰው የጤና ጉዳት ግን የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፉ ሲጠናቀቅ አብሮ አያበቃም።

የአእምሮ ጤና

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንጋጤ፣ እንቅልፍ ማጣትና ብርቱ ሐዘን የሚጠበቁ ናቸው፤ በአብዛኛው ሰው ላይም በቤተሰብና በጎረቤት ድጋፍ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ሆኖም ቅዠት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚመለስ ከባድ ፍርሃት ወይም ከሰው መራቅ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል። ይህ የጤና ችግር እንጂ የእምነት ወይም የጥንካሬ ጉድለት አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያደረበት ሰው ብቻውን ሳይተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

የአካል ጤና

እጁ ወይም እግሩ በአፈር ወይም በፍርስራሽ ሥር ተጨፍልቆ የቆየ ሰው ጤነኛ ቢመስልም ኩላሊቱ ሊጎዳ ስለሚችል በአስቸኳይ መመርመር አለበት። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ተጎጂዎች ደግሞ ሕክምናቸው እንዳይቋረጥ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ፈጥነው መሄድ ይኖርባቸዋል። ካርድዎ ቢጠፋም የመድኃኒቱን ስምና ቀድሞ የታከሙበትን ተቋም ለባለሙያው ያስረዱ።

ቅድመ ዝግጅት

• የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያስቀምጡ።
• በተዳፋት መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፎች ካዘነበሉ ወይም የምንጭ ውኃ በድንገት ከደፈረሰ ቤተሰብዎን ይዘው ከሥፍራው ይራቁ፤ ለቀበሌው አስተዳደርም ያሳውቁ።
• ናዳ ከደረሰ ሁለተኛ ናዳ ሊከተል ስለሚችል በአንድ ጊዜ በብዛት ወደ ሥፍራው አይግቡ።
• አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አካል ጉዳተኞችን ማን እንደሚያወጣ በዕድርዎ አስቀድመው ይወስኑ።

አደጋው ከደረሰ ወራት ወይም ዓመታት ቢያልፉም ሕክምና ለመጠየቅ ጊዜው አልረፈደም። በአካባቢዎ የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ፤ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይላካሉ።